ንባቡና ትርጓሜው

በልጅነቴ የመጻሕፍት ትርጓሜ በሚነገርበት ጉባኤ ዳር ተቀምጬ ስሰማ፣ አንዱ ደቀ መዝሙር ንባቡን በግእዝ ያሰማ፣ የኔታም ተቀብለው በአማርኛ ይፈቱ፣ ከዚያም «አንድም» እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምሥጢር ያመጡ ነበር፤ ንባቡ የመጽሐፉ፣ ፍቺው የመምህራኑ መሆኑን ማንም ተማሪ አይስተውም ነበርና፣ ካደግሁ በኋላ ጋዜጣንም በዚሁ ሥርዐት እንዳላነብ የሚከለክለኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቍጥሩንና ስሙን ንባብ፣ «አሳዛኝ»፣ «ታላቅ»፣ «አሳፋሪ» የሚለውን ደግሞ ትርጓሜ ብዬ ከፈልሁት፤ ነገሩም በዚሁ የተፈጸመ መሰለኝ።

ይህን አከፋፈሌን ያናወጠብኝ በ1929 ዓ.ም. ሚያዝያ 20 ቀን በሎንዶኑ ታይምስ የወጣ አንድ ወሬ ነው። ጸሐፊው ጆርጅ ስቲር ይባላል፤ ትውልዱ ደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ ለዚሁ ጋዜጣ ከአዲስ አበባ ይጽፍ የነበረ፣ ጠላትም ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ያባረረው ሰው ነው። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነት ወደ ነደደባት እስጳንያ ሄዶ ሳለ፣ የባስኮች ጥንታዊት ከተማ ጌርኒካ ሚያዝያ 18 ቀን ከአየር በተደበደበች ጊዜ፣ በዚያችው ሌሊት ከቢልባኦ ደርሶ ከዳር እስከ ዳር ስትነድ በዓይኑ አየ፤ ያየውንም ጻፈ። የየካቲት 12 ደም በአዲስ አበባ ከፈሰሰ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ያለፈበት ወራት መሆኑን፣ ጸሐፊውም የመከራችን ምስክር የነበረ መሆኑን እያሰብሁ፣ ጽሑፉን ገና ሳላነበው አመንሁት።

ኅሊናዬ ግን ወቀሰኝ። የወዳጄን ቃል ስለ ወዳጅነቱ ከተቀበልሁ፣ በጀርመን እየተረዳ ከባስኮች ጋራ ይዋጋ የነበረው የጄኔራል ፍራንኮ ወዳጅ የፍራንኮን ቃል ስለ ወዳጅነቱ ቢቀበል በምን እፈርድበታለሁ? የፍራንኮ ወገን ከተማይቱን ያቃጠሏት ራሳቸው የሚሸሹት ናቸው ብሎ ለዓለም አሰምቶ ነበር፤ ይህም ቃል ለሚሰማው ሰው ከባዶ የተነሣ አይመስልም ነበር፤ ከስምንት ወር ያህል በፊት ኢሩን የተባለችውን ከተማ ለቀው የሚሸሹት ሰዎች በእሳት አጋይተዋት ነበርና። የተቃጠለው ግድግዳ በሁለቱም ወገን ፊት ቆሟል፤ ማን እንዳቃጠለው ግን ግድግዳው አይናገርም። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስሕተቴን አገኘሁ። ሰዎች የሚከራከሩበትን ሁሉ አስተያየት ብዬ እጠራ ነበር፤ አሁን ግን ከተማን ማን አቃጠለ የሚለው ነገር የቱንም ያህል ክርክር ቢነሣበት፣ የተደረገ ወይም ያልተደረገ ነው እንጂ እንደየሰው ልብ የሚለዋወጥ አለመሆኑን ተረዳሁ።

ስለዚህ ጽሑፉን እንደ ንባብ ቤት ተማሪ በቃል በቃሉ መመልከት ጀመርሁ። ድብደባው ሦስት ሰዓት ከሩብ እንደ ቆየ፣ አውሮፕላኖቹም ዩንከርስና ሄንክል የተባሉ የጀርመን ሥሪት እንደ ነበሩ ያለ ማመንታት ይናገራል፤ የተጣሉት እሳት አቀጣጣይ ቦምቦች ከ3,000 በላይ ናቸው ሲል ግን ቍጥሩ በግምት የተገኘ መሆኑን በዚያው ዐረፍተ ነገር ያስታውቃል፤ የድብደባውም ዓላማ የሕዝቡን ልብ መስበርና የባስኮችን ዘር መነሻ ማጥፋት መሆኑን ሲጽፍ «ይመስላል» የሚል ቃል ይጨምርበታል፤ የሞቱት ስንት ናቸው ወደሚለው ሲደርስ ደግሞ ገና ለመናገር እንደማይቻል ጽፎ ያልፋል። አንድ ሰው የእሳት ነበልባል ካየበት ሌሊት ገና ሳይርቅ፣ ያየውን፣ የገመተውንና ያሰበውን እየለየ ለመጻፍ መቻሉ አስደነቀኝ፤ የየኔታን «አንድም» በባዕድ ቋንቋ ያገኘሁት መሰለኝ።

በአንድ ቦታ ብቻ ተከራከርሁት። ድብደባው በአፈጻጸሙና በጥፋቱ ስፋት በጦር ታሪክ ወደር የሌለው ነው ይላል። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር 26 ቀን ደሴ እንደ ተደበደበች፣ ታኅሣሥ 20 ቀንም በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር በቦምብ እንደ ተመታ የሚያስታውስ አንባቢ በዚህ ቃል ላይ ቆም ይላል። ምናልባት በስፋቱ እውነት ይሆናል፤ ከምን ጋራ አነጻጽሮ እንደ ፈረደ ግን ስላልነገረኝ፣ ቃሉን እንደ ፍርዱ እንጂ እንደ ንባቡ ልቀበለው አልቻልሁም።

ከዚህ ይልቅ የከበደኝ የቍጥሩ ነገር ነበረ። የባስክ መንግሥት በኋላ የሞቱት 1,654 ናቸው አለ፤ ከዚያ ወዲህ የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ቍጥር አግኝተዋል። እስከ መጨረሻዋ ነፍስ የተቈጠረ የመሰለው ድምር ተናወጠ፤ «ገና አይታወቅም» የሚለው ደካማ የመሰለ ቃል ግን ጸንቶ ቆመ። እንግዲህ ቍጥር ሁሉ ንባብ ነው ያልሁት ፈረሰ። የተደረገን ነገር ተናገረ የምለው፣ የሚጠራጠረው ሰው ተነሥቶ ሊመረምርበት የሚችል መንገድ የተወለትን ጸሐፊ ነው፤ ስቲር የጀርመን ማኅተም ያለበት የቦምብ ቀፎ መገኘቱን ሲጽፍ፣ ቀፎውን በእጁ የሚያነሣ ጠላቱም ቢሆን ማኅተሙን ሊያነበው ይችል ነበር። ቃሉ ሐሰት ቢሆን ኖሮ እንኳ ሐሰትነቱ የሚታወቀው በዚያው መንገድ ነው።

አንድ ጥርጥር ቀረኝ። ይኸው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በነጻነታችን ዘመቻ ተሰልፎ፣ በኢጣልያ ባንዲራ ሥር ላሉት የሀገራችን ልጆች ከአውሮፕላን የሚበተን የአማርኛ ወረቀት ከሚያዘጋጁት ጋራ ይሠራ ነበር። ፍቅሩ ያው ፍቅር፣ እጁም ያው እጅ ነው፤ ወረቀቱ ግን ጠላትን ለማስከዳት የተጻፈ መሣሪያ ነበርና «አንድም» የሚባልበት ስፍራ አልነበረውም። ያን ወረቀት ስለ ሀገሬ እወደዋለሁ፤ ወሬ ብዬ ግን አልጠራውም። ስለዚህም የጸሐፊውን ልብ መመርመር ትቼ፣ በፊቴ ያለውን ዐረፍተ ነገር መመርመር ይሻለኛል አልሁ።

ይህን ይዤ ወደ ራሳችን ጋዜጦች ስመለስ የማገኘው «ተገለጸ»፣ «ተባለ»፣ «እንደሚታወቀው» የሚል፣ ባለቤቱ የተሰወረበት ቃል ነው። በዳኛ ፊት የቆመ ምስክር «ተባለ» ቢል፣ ማን አለ? ከማን ሰማህ? ተብሎ ይጠየቃል፤ አንባቢ ግን ይህን የሚጠይቅበት ችሎት የለውም። ወሬ የምትጽፉልን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ የገለጸው ማን እንደ ሆነ ስሙን ጻፉልን፤ ያላወቃችሁትንም አላወቅንም በሉን፤ ፍርዱ የራሳችሁ ሲሆንም «እኔ እንደሚመስለኝ» ብላችሁ ጻፉ፣ አንቀየማችሁም።