«የራሴ ነው በል»

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። አንድ ጓደኛዬ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ሊሄድ ሲነሳ ገንዘብ ሰጥቼው ከኢስሊ ሁለት ስልክ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። አንዱን ልይዘው፣ አንዱን አትርፌ ልሸጠው። ሲሰናበተኝ «ከጠየቁህ የራሴ ነው በል» አልኩት። ቡሌ ሆራ ያደገ ሰው ይህን ቃል ስንቴ እንደሰማ አይቆጥረውም። ከተማችን የሞያሌ መንገድ ላይ ናት። እኛ ዘንድ የኬላ ነገር እንደ ዝናብ ነው፤ ከወዲያ የመጣን ሰው ሁሉ «ዛሬ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቃለን።

ጓደኛዬ ሰርግ ቀራጭ ነው። ለሥራ ስለሄደ ላፕቶፑንና ካሜራውን ይዟል። ሲመለስ አንድ ኬላ ላይ ቦርሳው ተከፈተ። ሁለት ስልክ ከነካርቶኑ፣ ሦስተኛው ኪሱ ውስጥ። «የማን ናቸው?» «የራሴ።» ፈታሹ ፈገግ አለና ካሜራውን አነሳ። «ይሄስ?» «የራሴ።»

ይህኛው እውነት ነበር። አራት ዓመት የሠራበት፣ ማንገቻው የተላላጠ ካሜራ ነው። ግን ደረሰኙን አልያዘም፣ ሲወጣም አላስመዘገበውም። የነበረው ማስረጃ ቃሉ ብቻ ነው፤ ቃሉን ደግሞ እኔ አስቀድሜ አበላሽቼበታለሁ። እስኪጣራ ተብሎ ዕቃው ሁሉ እዚያው አደረ። እሑድ ደግሞ ቀብድ የተቀበለበት ሰርግ ነበረው።

ፈታሹን አልወቅስም። «ለግል መገልገያ» የሚባለው ነገር እኮ ዕቃው ላይ አልተጻፈም። ያው ስልክ ልይዘው ካሰብኩ መገልገያ ነው፣ ልሸጠው ካሰብኩ ሸቀጥ ነው። ልዩነቱ ያለው ኒያ ውስጥ ነው፤ ኒያን ደግሞ የትኛውም የፍተሻ ማሽን አያሳይም። ስለዚህ ጉምሩክ የሚችለውን ያደርጋል፣ ይቆጥራል። ስንት ነው? አዲስ ነው ያገለገለ? ቁጥሩ የኒያ ምትክ መሆኑ ነው። አንዳንዴም ይሳሳታል፤ ለእናቱና ለእህቱ ስጦታ የያዘው ልጅ ነጋዴ ይመስላል። ከመቁጠሩ በፊት ግን ጥያቄ አለ፣ ጥያቄው የሚቀርበውም ለምላስህ ነው።

አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ ያሰፈሩት አንድ ዘገባ አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዚያድ ኢብኑ ሑደይርን ከነጋዴዎች ቀረጥ እንዲሰበስብ ሲልኩት ማንንም እንዳይፈትሽ አዘዙት። ከሙስሊም ነጋዴ ከ40 ዲርሃም 1 ዲርሃም ይወሰዳል፤ ጭነት ግን አይበረበርም። እኔን የሚገርመኝ ሰብሳቢው ሳይሆን ነጋዴው ነው። በማይፈተሽበት ኬላ ግመሉን አቁሞ ያለውን ይናገራል ማለት ነው። ዛሬም ብዙ አየር ማረፊያዎች ላይ አረንጓዴና ቀይ መተላለፊያ አለ። የሚቀረጥ የለኝም የሚል በአረንጓዴው፣ አለኝ የሚል በቀዩ ይሄዳል። ሻንጣህ ሳይከፈት እግርህ መልሱን ይሰጣል።

«ቀረጡ ራሱ በደል ነው» የሚል ወንድም አውቃለሁ፤ ስለ መክስ የመጡትን ሐዲሶችም ይጠቅሳል። ዑለማዎች የተነጋገሩበት ጉዳይ ነው፣ እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። ብሶቱንም አልንቅም፤ በአንዲት ስልክ ትርፍ ቤተሰብ የሚደግፍ ወጣት በከተማችን ሞልቷል። ግን በደል ነው ብዬ ካመንኩ ራሴ ሄጄ፣ ራሴ ቆሜ በተናገርኩ። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ውሸቴን በሰው አፍ አሻገርኩ።

ሌላም የከበደኝ ነገር አለ። ካሜራው ውስጥ የቀረው ካርድ ላይ ከዚያ በፊት የቀረጸው የአንድ ቤተሰብ የሒና ምሽት ነበረበት። ሴቶቹ ቤታቸው ውስጥ፣ በመካከላቸው ብቻ ሆነው፣ በአማና የተቀረጹት። ቤት ገልብጦ ማስቀመጥ ነበረበት፣ ረሳው። የሥራ ዕቃ ሲባል ዕቃው ያንተ ቢሆንም ውስጡ ያለው የሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሙሐመድ ራባኒ የተባለ ብሪታኒያዊ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የስልኩንና የላፕቶፑን የይለፍ ቃል ተጠይቆ፣ ውስጡ ያለው የሌላ ሰው ምስጢር ነው ብሎ እምቢ አለ። በ2017 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። ልክ ነው አይደለም ብላችሁ ልትከራከሩ ትችላላችሁ፤ እኔ ልቤን የነካው ግን አለመዋሸቱ ነው። «አልሰጥም» አለ እንጂ «የለኝም» አላለም።

እናንተ የምትወጡ ልጆች፣ የሥራ ዕቃችሁን ስትወጡ ከነመለያ ቁጥሩ አስመዝግቡ፣ ወረቀቱን ያዙ። ድሮን ከሆነ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሳትይዙት አትሂዱ። የሰው ዕቃ ከያዛችሁ ደግሞ የሰው ነው በሉ።

እሑድ ካሜራ ተከራይተን ሰርጉ ተቀረጸ፣ ኪራዩን እኔ ከፈልኩ። የጓደኛዬ ላፕቶፕና ካሜራ ሐሙስ ተለቀቁለት፤ ስልኮቹ ተወርሰው ቀሩ። አርብ ከጁሙዓ ሰላት ስንወጣ መስጂዱ በር ላይ ጠበቀኝ። ገና ሰላምታ ሳልጨርስ «የስልኮቹን ብር በየወሩ ትንሽ ትንሽ ልክፈልህ? እጄ ላይ ነው የጠፉት» አለኝ።