ስንቱ ጸደቀ?



ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። እኛም ከጎንደር ከተማ እስከ ዳባትና ደባርቅ ደጋ በየክረምቱ እንተክላለን፤ አልሐምዱሊላህ።

ግን አለቃው የቀበሌውን ሹም «ስንት ተከልክ?» እንጂ «ስንቱ ጸደቀ?» ብሎ ካልጠየቀው፣ በበጋ ማን ያጠጣዋል? ከከብትስ ማን ይጠብቀዋል? እድገት በሪፖርት ይገኝ ይሆናል፤ ካርቦንን ከአየር የሚስበው ግን የጸደቀ ዛፍ ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከተከልነው ወፍ እንኳ ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንልን አስተምረውናል። ወፍ ደግሞ ከሪፖርት አትበላም!

ሹመት አማና ነው። ነገ ወንበሩ ላይ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ከሶላት በኋላ ክረምት የተከላችሁትን ሄዳችሁ እዩት፤ ማንም ባያይ አላህ ያያል።

ጁሙዓ ሙባረክ!