እውነተኛ ዕቃና እውነተኛ ባለቤት

በካፋ ምድር በሺሺንዳ ገበያ ማር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል፤ ስኳር ተቀላቅሎበት እንደ ሆነ ምላሱ ይነግረዋል። ነገር ግን ማሩ በጫካ ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ከሌላ ሰው ቀፎ በሌሊት የተቈረጠ እንደ ሆነ ምላስ ሊለየው አይችልም፤ የተሰረቀ ማር ጣዕሙ አይጐድልምና።

አሮጌ የእጅ ሰዓት የሚገዛም ሰው እንዲሁ ነው። ዐዋቂው ጀርባውን ከፍቶ የማሽኑን ቍጥር ከሠሪው መዝገብ ጋራ ያስተያያል፤ ገጹ ዳግመኛ የተቀባ፥ ጠርዙም በመወልወል ብዛት የተበላ እንዳይሆን ይመረምራል። ይህ ሁሉ የዕቃውን እውነተኛነት ያስረዳል፤ የሻጩን እውነተኛነት ግን አያስረዳም።

ለዚህም ምስክር አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በ2008 ዓ.ም. በጄኔቫ ከተማ በክሪስቲስ ቤት ለሐራጅ ቀርቦ ነበር። ነገር ግን በባለቤትነቱ ላይ ክርክር ስለ ተነሣ ከሽያጩ ወጣ፤ በ2010 ዓ.ም. ዳግመኛ ቀርቦ ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። እንግዲህ የወርቁ ጥራት የባለቤቱን ጥያቄ አላስቀረም።

አንዳንዱ «ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁ እኔ ምን በደል አለብኝ?» ይላል። በእውነት ሳያውቅ የገዛ አይነቀፍም። የዋጋውን ርካሽነት አይቶ ጥያቄውን የዋጠ ግን «አላወቅሁም» ሊል አይችልም፤ አለማወቁን ወዶ ገዝቶታልና።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የሰዓቱን ጀርባ ከማስከፈትህ አስቀድመህ ሻጩን «ከማን አገኘኸው?» ብለህ ጠይቅ። የታመነ መልስ ያጣህ እንደ ሆነ፥ ዋጋው ምንም ቢያጓጓ፥ ተወው።