ጥርት ባለ ሰማይ ሥር

ሰው ምክንያቱን ያልተረዳውን ምክር ሊቀበል ይገባዋልን? የተማረ ወጣት «አይገባውም» ለማለት ይቸኩላል፤ መማር ማለት ምክንያትን መጠየቅ ነውና። በመጠየቁስ እኔም እስማማለሁ።

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚሄድ መንገደኛ ጎሊናን ይሻገራል። ጎሊና ከምዕራቡ ደጋ ወርዶ ወደ አፋር የሚዘልቅ ወንዝ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ አስመራ የሚወስደውን የመኪና መንገድ በዚህ ሜዳ ሳያሳልፉት በፊት፥ ነጋዴ አህያውን እየነዳ በእግሩ ያልፍ ነበር። መልካው የት እንደ ሆነ፥ ጭነት የት እንደሚራገፍ የሚያውቀው ከቀደሙት ሰምቶ ነው፤ ከቀደሙትም አንዳንዱ ይህን እውቀት በነፍሱ ሳይገዛው አልቀረም።

በአንድ ሐምሌ ከወዳጄ ጋር ከጎሊና ዳር ልናድር ሄድን። አሸዋው ልስልስ ስለ ነበረ ወዳጄ ድንኳኑን ከወንዙ ሆድ ውስጥ ሊተክል ካስማ አወጣ። አጠገባችን የመስኖ ቦይ ይጠርጉ የነበሩ ሽማግሌ «ልጆቼ፥ ወደ ላይ ውጡ፤ ይህ የውኃ መኝታ ነው» አሉን። ወዳጄ ሰማዩን አሳያቸው፤ ደመና የሚባል አልነበረም።

«ይኸማ የእኛ ሰማይ ነው» አሉ። «ውኃው የሚመጣው ከደገኞቹ ሰማይ ነው።»

ወጣንና በድንጋያማው መሬት ላይ አደርን። ጎርፉ ግን አልመጣም። ጧት ወዳጄ ወገቡን እያሸ «አየህ?» አለኝ።

ያሳሰበኝ ይህ «አየህ?» ነው። ሽማግሌው ጎርፍ ሊመጣ ይችላል አሉ እንጂ ዛሬ ይመጣል አላሉም። አንድ ሌሊት በደኅና ማለፉ ምክሩን ሐሰት አያደርገውም፤ ባይሆን ኖሮ እውነተኛ ምክር የሚባለው ሰው የሞተበት ብቻ በሆነ ነበር።

ታዲያ የአባቶች ቃል ሁሉ ይታመን? አይደለም! አንጥረኛውን «ቡዳ ነው» ብለው ያገለሉትም አባቶች ናቸው። ነገር ግን የዚያ ቃል ዋጋ የሚከፈለው በሌላው ሰው ክብር ነው፤ የእኛ ዋጋ አንድ የጎረበጠን ሌሊት ብቻ ነበር። ደግሞም የሽማግሌው ቃል ምስክር ነበረው፦ በዳር ካሉት ግራሮች ቅርንጫፍ ላይ፥ ከራሳችን በላይ፥ ጎርፍ ያመጣው ጭራሮ ተንጠልጥሏል። እርሳቸውም ያንኑ ጎርፍ ጠልፈው ማሽላቸውን የሚያጠጡ ናቸውና፥ ስለ ውኃው የሚናገሩት ከፍርሃት አልነበረም።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው ጭራሮውን ባሳዩኝ ኖሮ!» አለ። ቀና ብሎ ለማየት ማን ከለከለው?