ዐውራ ያልሆነ ገላ

የሸሪዓው ድንጋጌ ግልጽ ነው፤ የወንድ ዐውራ፣ መሸፈን ያለበት ገላ፣ ከእምብርት እስከ ጉልበት ነው። ደረቴ ቢገለጥ ወንጀል የለብኝም። ታዲያ በቆቦ ሙቀት፣ አውድማ ላይ ሌላው ሸሚዙን አውልቆ ማሽላ ሲወቃ፣ እኔ ኮቴን እስከ አንገቴ የምቆልፈው ከማን ልደበቅ ነው?

ማታ ማታ የምውጣት የኤችአይቪ ክኒን ኤፋቪሬንዝ ነበረባት። በሕይወት አቆየችኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ጡቴንም አሳደገችው። ከጫፉ ሥር እንደ ባቄላ የጠጠረ ነገር በቀለ፤ ኩንታል ሳቅፍ ያስጮኸኝ ነበር። ሐኪሙ «ስብ አይደለም፣ የጡት እጢ ነው» ብሎ ወደ ዶሉቴግራቪር ቀየረልኝ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ያስቀደመው ይህንኑ መድኃኒት ነው። ሕመሙ ለቀቀኝ፤ እብጠቱ ግን ቀረ። እጢው ከዓመት በላይ ከቆየ እየጠጠረ ስለሚሄድ ያለ ቀዶ ሕክምና እምብዛም አይጠፋም።

ሸኽዬ «ሰብር አድርግ ልጄ» አሉኝ። ሰብር ዝም ማለት ከሆነ ነቢዩ አዩብስ? ጉዳት አገኘኝ ብለው ወደ ጌታቸው ተጣርተዋል፤ ቁርኣን ግን ታጋሽ ይላቸዋል። (ክርስቲያኑ ጎረቤቴ እንደሚለው በእነሱ መጽሐፍ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ሳይቀር ረግሟል።) ለተረፈች ነፍስ ሹክር፣ ላበጠ ጡት ስሞታ፤ ሁለቱም ከአንድ አፍ ይወጣሉ ባይ ነኝ።

ያስጨነቀኝ ቀዶ ሕክምናው ነው። የአላህን ፍጥረት መለወጥ ይሆንብኝ ይሆን? ይህንንም ጠየቅኳቸው።

«ለቁንጅና ብትል እከለክልህ ነበር» አሉ። «መድኃኒት ያመጣውን ጉዳት ማንሳት ግን ሕክምና ነው።»

የቀረው ገንዘቡ ነው፤ ማሽላው ይሸጥ።