የሚያውቅ ገዢና የማያውቅ ባለቤት

የአንድ ዕቃ ዋጋ ያለው በዕቃው ውስጥ ነውን፣ ወይስ ዕቃውን በሚመለከተው ሰው ዕውቀት ውስጥ? ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። እኛ ግን ዛሬ የምንመረምረው ከዚሁ የሚወለደውንና በዕለት ኑሯችን የሚያጋጥመንን ሌላ ጥያቄ ነው። ይኸውም የአንድን ዕቃ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ከማያውቅ ባለቤት ሲገዛ የሚያውቀውን የመናገር ግዴታ አለበትን? የሚለው ነው። ለምርመራችን ትልቅ ነገር አያስፈልገንም፤ አንዲት አሮጌ የእጅ ሰዓት ትበቃናለች።

ይህች ሰዓት የማስታወቂያ ሰዓት የምትባለው ናት። አንድ ድርጅት ስሙንና ምልክቱን በሰዓት ፊት ላይ አሳትሞ ለደንበኞቹና ለሠራተኞቹ በነጻ ያድላል፤ ተቀባዩም ጊዜ ባየ ቁጥር የሰጪውን ስም ያነባል። የታተመ ስም በዕቃ ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የአምቦ ሰው አስተማሪ አያሻውም። ከምድሩ የሚፈልቀው ውኃ ጠርሙስ ውስጥ ከመግባቱ በፊትም የነበረ ነው፤ ዳሩ ግን የከተማው ስም በጠርሙስ ላይ ታትሞ በመላው አገር ከዞረ በኋላ ውኃውና ስሙ አንድ ሆነው ቀርተዋል። እንዲህ ያለች የማስታወቂያ ሰዓትም በአምቦ ወይም በጉደር፣ በጊንጪ ወይም በጌዶ፣ በአንድ ጡረተኛ ቤት ከሣጥን ሥር ተቀምጣ ልትገኝ ትችላለች።

ሰዓት እንዴት በነጻ እስከ መታደል ደረሰ? ሐሚልተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፑልሳር የተባለችውን የመጀመሪያዋን ዲጂታል የእጅ ሰዓት በ1964 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1972) ለገበያ ሲያቀርብ ቀፎዋ ባለ 18 ካራት ወርቅ፣ ዋጋዋም 2,100 ዶላር ነበር። ነገር ግን አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው ኩባንያ በፕላስቲክ ቀፎ የሠራትን ዲጂታል ሰዓት በ20 ዶላር፣ ጥቂት ቆይቶም በ10 ዶላር ያህል ሸጠ። የሀብታም ጌጥ የነበረው ዕቃ የነጋዴ ስጦታ ለመሆን የበቃው በዚህ ፍጥነት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሰዓት ለይቶ ማወቅ የራሱ ጥበብ አለው። መጀመሪያ፣ በፊቷ ላይ የተጻፈው ስም የሰጪው እንጂ የሠሪው ስም አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል፤ ሠሪውን የሚፈልግ ሰው የጀርባ ክዳኗን ከፍቶ በማሽኗ ላይ የታተመውን ምልክትና ቁጥር ይመርምር። ሁለተኛ፣ ብርሃኗን ይመልከት። ቁልፏ ሲጫን ብቻ ቀይ ቁጥር የምታበራው ኤል ኢ ዲ የምትባለው ዓይነት ናት፤ በገበያ የነገሠችውም በዚያው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነበር። ቁጥሯን ዘወትር በጥቁር የምታሳየው ኤል ሲ ዲ ግን ስፍራዋን ወስዳ እስከ ዛሬ ዘልቃለች። ይሁን እንጂ የቀድሞዎቹን መልክ አስመስለው በቅርብ ዘመን የተሠሩ ስላሉ በብርሃኗ ብቻ መፍረድ አይገባም። ሦስተኛ፣ ጤንነቷን ይመርምር፤ ለዓመታት ሳይወጣ የቀረ ባትሪ ፈስሶ ማሽኑን በዝገት ሊበላው፣ መስተዋቱም ጠቁሮ ቁጥሩን ሊሸፍነው ይችላል። አራተኛ፣ ምስክሮቿን ይሰብስብ፤ ማሸጊያዋ፣ የዋስትና ወረቀቷ፣ ስጦታው የተሰጠበት ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ካለ ከሰዓቲቱ ጋር ሊጠበቅ ይገባል። ዋጋ ሲተምንም ሻጮች የሚጠይቁትን ሳይሆን መሰሏ በእርግጥ የተሸጠችበትን ይመልከት።

በአገራችን ደግሞ መርማሪው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ይጨመራል። እኛ ሰዓትን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ ባለቤቷ በአገር ልማድ የሞላት ሰዓት ለባዕድ ሰው ስድስት ሰዓት የተዛባች ትመስላለች። ጧት አንድ ሰዓትን የጧት አድርጎ የሞላ ሰው የሰዓቲቱ ቀን በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ሲነጋ ሲለወጥ ያያል፤ ይኸውም ከአቆጣጠራችን ጋር ይስማማል። በ1967 ዓ.ም. የወጣችው ካሲዮትሮን የተባለች የጃፓን ሰዓት ረጅሙንና አጭሩን ወር ለይታ በማወቋ ተደንቃ ነበር፤ ጳጉሜን ግን አታውቅም ነበር። ስለዚህ ተበላሸች ተብላ የምትናቀው ሰዓት በእውነቱ የባለቤቷን ኑሮ ስትከተል የኖረች ልትሆን ትችላለች።

ከዚህ የምንረዳው የሰዓት ዋጋ ከብረቱና ከማሽኑ በላይ በታሪኩ መሆኑን ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረችው ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ዲጂታልም የማስታወቂያም አልነበረችም፤ ሆኖም በ2010 ዓ.ም. በጄኔቫ በክሪስቲስ ጨረታ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ አውጥታለች። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ባለቤትነቷ ጥያቄ ስለተነሣበት ከጨረታው እንድትወጣ ተደርጎ ነበር። በታላቅ ሰዓትም ሆነ በታናሽ ሰዓት፣ «ስንት ታወጣለች?» ከሚለው በፊት «የማን ናት?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በዕድሜ የገፉ አንዲት የጉደር መበለት የሟች ባለቤታቸውን የማስታወቂያ ሰዓት ይዘው አምቦ ከሚገኝ ሰዓት ሠሪ ዘንድ መጡ እንበል። «ልጄ፣ እስቲ እያት፤ ምን ታወጣለች?» ይሉታል። ሰዓት ሠሪውም ከፍቶ ሲያይ ሰብሳቢዎች የሚፈልጓት ዓይነት መሆኗን ያውቃል። «ዋጋ የላትም እማማ» ቢል ውሸት ነውና ክርክር የለብንም። ነገር ግን ምንም ሳይናገር፣ «እርስዎ ስንት ይላሉ?» ብሎ ጠይቆ፣ ያሉትን ጥቂት ብር ከፍሎ ቢወስዳትስ?

የሮማው ፈላስፋ ኪኬሮ ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ይህን የመሰለ ክርክር አንሥቷል። በረኃብ ዘመን ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ወደ ሮድስ ደሴት የደረሰ ነጋዴ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ለገዢዎቹ መናገር አለበትን? ዲዮጋን ዝም ማለት ማታለል አይደለም ሲል፣ አንቲጳጥሮስ ግን ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ይግለጥ አለ፤ ኪኬሮም ለአንቲጳጥሮስ ፈረደ።

ለሰዓት ሠሪው የሚከራከር ሰው ሦስት ነገር ያቀርባል። ዕውቀቱን ያገኘው በድካም ነው፤ ዋጋውን የቆረጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ እሱ ባይገዛት ኖሮ ሰዓቲቱ ከቆሻሻ ጋር ትጣል ነበር። እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም። እኛም በገበያ መካከል ነጋዴ ከነጋዴ ሲገበያይ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ሁሉ ይዘርግፍ አንልም፤ ሁለቱም መርምሮ የማወቅ እኩል ዕድል አላቸውና። መበለቲቱ ግን ሊገበያዩ አልመጡም፤ ሊጠይቁ መጡ እንጂ። «ምን ታወጣለች?» የተባለ ሰው በዚያች ደቂቃ ገዢነቱ ቀርቶ ዳኛ ሆኗል። ሚዛኑን የያዘ ሰው በስውር ተካፋይ ከሆነ ፍርዱ ፍርድ አይደለም። በጨለማ የተቆረጠ ዋጋም በፈቃድ የተቆረጠ ዋጋ ሊባል አይችልም።

ሕጋችንም ለዚህ አሳብ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1710 አንዱ ወገን ይበልጥ ስለተጠቀመ ብቻ ውል አይፈርስም ይላል። ነገር ግን የሌላውን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማነስ መሣሪያ በማድረግ የተገኘ ፈቃድ ኅሊናን የሚቃረን ውል ከወለደ፣ ርትዕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ሆኖም ለአንዲት ሰዓት ብሎ ከፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ጥቂት ነው፤ ሕጉ ከማይደርስበት ስፍራ የሚዳኘው ኅሊና ነው።

ታዲያ የዐዋቂው ድካም ያለ ዋጋ ይቅርን? አይደለም። አስቀድሞ እውነቱን ይናገር፤ ከዚያ በኋላ የሙያውን ዋጋ በግልጥ ይጠይቅ፣ ወይም ሰዓቲቱን ሸጦላቸው ከትርፉ ድርሻ ይቀበል። ሊጣል የነበረን ዕቃ ያዳነ ሰው ወሮታ ይገባዋል፤ ዕቃው በሙሉ ግን አይገባውም። እምነት ሰጥቶ ዝምታ መቀበል፣ አባቶቻችን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚሉት ዓይነት ብድር ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ከንቱ ተስፋ መስጠትም በደል መሆኑን ዐዋቂው አይርሳ። ከማስታወቂያ ሰዓቶች የሚበዙት ብዙ ገንዘብ የማያወጡ ናቸው፤ ይህንንም ሳይሸሽግ መናገር አለበት። ምናልባትም መበለቲቱ እውነቱን ሲሰሙ ዋጋዋ ትንሽም ይሁን ትልቅ የባላቸውን ሰዓት ላለመሸጥ ይወስኑ ይሆናል። ይህን የመወሰን መብት የእሳቸው ነው፤ የሰዓት ሠሪው ዝምታ ከሁሉ በላይ የሚነጥቃቸውም ይህንኑ መብት ነው።

በየቢሮው ማኅተም የምንይዝ፣ በየትምህርት ቤቱ ጠመኔ የምንይዝ ሁላችን፣ እኛ የምናውቀውን የማያውቅ ሰው በየቀኑ «እስቲ እይልኝ» እያለ ይቀርበናል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ነገር ግን እውነት እያደር የምትጠራው የሚያውቃት ሰው ሲናገራት ነውና፣ ለተጠየቅነው ነገር በጊዜው እንመልስ።