ስለ ተፈረደበት ሰውና ስለ ሹመት

ሹመት ማለት የብዙ ሰው ጉዳይ በአንድ ሰው እጅ በአደራ መሰጠቱ ነው። አደራ የሚሰጥ ሰውም አስቀድሞ የተቀባዩን ጠባይ ይመረምራል። ገንዘቡን በጎረቤቱ ዘንድ የሚያስቀምጥ ገበሬ ስንኳ ያ ጎረቤት ከዚህ በፊት የሰው ገንዘብ ክዶ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ አያስቀምጥም። እንግዲህ ግብሩን፣ ፍርዱንና የልጆቹን ዕድል የሚያስረክብ ሕዝብ ይህን ቢጠይቅ ምን ያስደንቃል? ስለዚህ በወንጀል የተፈረደበት ሰው ለሕዝብ ሹመት መወዳደር ይገባዋልን ወይስ አይገባውም የሚለው ጥያቄ በብዙ አገር ይነሣል፤ መልሱም እንደ አገሩ ልዩ ልዩ ነው።

«አይገባውም» የሚሉት ሰዎች ነገራቸው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሕግን የጣሰ ሰው ሕግ አውጪ ሊሆን፣ በዳኛ ፊት የተረታ ሰው በዳኞች ሹመት ላይ ቃል ሊኖረው አይገባም ይላሉ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሹመትን እንደ ማዕድ የሚቈጥረው ልማድ በኢትዮጵያ ምን ያህል የቈየ እንደ ሆነ ያሳያል። እንዲህ ያለ ልማድ ባለበት ስፍራ የመንግሥት ገንዘብ በልቶ የተፈረደበትን ሰው ወደ ግምጃ ቤቱ መመለስ ሥጋን ለጅብ አደራ እንደ መስጠት ነው ብለው ይከራከራሉ። በዚህም ላይ የድኃው ነገር አለ። ባለጠጋ የተሰረቀበትን በጠበቃ ያስመልሳል፤ ድኃው ግን የመድኃኒቱና የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ሲሰረቅ አቤት የሚለው ለሹሙ ነው፤ ሌባው ሹሙ ራሱ ከሆነ ወዴት አቤት ይላል?

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በውስጡ አንድ ያልተመረመረ አሳብ አለበት፤ ይኸውም የተፈረደበት ሁሉ በእርግጥ በዳይ ነው የሚለው ነው። ዮሴፍ በሐሰት ተከሶ ከገባበት ወህኒ ወጥቶ በግብፅ ላይ መሾሙን የሚያውቅ አንባቢ ይህን አሳብ ሳይመረምር አይቀበለውም። ፍርድ የሚሰጠው በሕግ ነው፤ ሕጉ ራሱ ዓመፅ ሲሆን ግን ፍርዱ የተፈራጁን ነውር ሳይሆን የፈራጁን ነውር ይመሰክራል።

ለዚህ ነገር የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ጥሩ መምህር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ከአገራቸው በስውር ወጥተው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በአፍሪካ ነጻነት ጉባኤ ላይ ተናገሩ፤ በኋላም በኢትዮጵያ የጦር ትምህርት ተማሩ። ወደ አገራቸው በገቡ ጊዜ ተይዘው የ5 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ከዚያም ውስጥ 2 ዓመቱ ያለ ፓስፖርት ከአገር ወጥተዋል ተብሎ የተፈረደ ነበር። ለነጻነት ርዳታ ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ የተደረገው ጕዞ ራሱ በዚያ ሕግ ወንጀል ሆኖ ተቈጠረ ማለት ነው። በ1964 ደግሞ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ከ27 ዓመት እስር በኋላ በ1990 ተፈቱ፤ በ1994 ፕሬዚዳንት ሆኑ። «የተፈረደበት ሰው ከቶ አይሾምም» የሚል ሕግ ቢጸና ኖሮ ያች አገር ያን መሪ ባላገኘች ነበር።

ይሁን እንጂ እነዚያው ከወህኒ የወጡ ሰዎች «እኛም ታስረን ነበርና በሩ ለሁሉ ይከፈት» አላሉም። በ1996 የጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው፣ የገንዘብ መቀጮ አማራጭ ሳይሰጠው ከ12 ወር የበለጠ እስራት የተፈረደበት ሰው የምክር ቤት አባል እንዳይሆን ይከለክላል። ክልከላውም የቅጣቱ ዘመን ካለቀ ከ5 ዓመት በኋላ ይቀራል። በማስተዋልም አንድ ቃል ጨመሩበት፤ ክልከላው የሚጸናው አንቀጹ ከጸና በኋላ በተሰጠ ፍርድ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀድሞው የዘር መድልዎ መንግሥት የሰጠው ፍርድ ማንንም አያግድም።

የዚህ ሕግ ትርጕም በአንድ ሰው ሕይወት ተገለጠ። ጄኮብ ዙማ በ1963 መንግሥትን ለመገልበጥ አሢረዋል ተብለው 10 ዓመት ተፈርዶባቸው በሮበን ደሴት ታስረው ነበር። ይህ ፍርድ በ2009 ፕሬዚዳንት ከመሆን አላገዳቸውም። በ2018 ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ ግን፣ ስለ መንግሥት ሥራ መበላሸት በሚመረምረው ኮሚሽን ፊት ቀርበው እንዲመሰክሩ ፍርድ ቤት ቢያዝዛቸው እምቢ አሉ። በ2021 ችሎት በመድፈር የ15 ወር እስራት ተፈረደባቸው። በ2024 ለምክር ቤት ለመመረጥ ሲነሡ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ከምርጫው 9 ቀን በፊት አይቻልም ብሎ ወሰነ፤ ቅጣቱ በኋላ በምሕረት ቢያጥርም የሚታየው የተፈረደው ልክ ነው አለ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተፈረደበት፤ የ10 ዓመቱ ፍርድ ከሹመት አልከለከለውም፤ የ15 ወሩ ፍርድ ከለከለው። እንግዲህ ክብደቱ በእስራቱ ርዝመት ብቻ አይመዘንም፤ ማን በምን ሕግ እንደ ፈረደ መታየት አለበት።

ሌሎች ደግሞ «ዳኛው ሕዝብ ነው፤ ሕዝብ ያውቃል፤ ይምረጥ» ይላሉ። የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረውን ሰው ስለ ዕድሜው፣ ስለ ትውልዱና በአገሩ ስለ መኖሩ እንጂ ስለ ወንጀል ፍርድ አይጠይቀውም። ዩጂን ዴብስ ጦርነትን ነቅፎ በመናገሩ በ1918 10 ዓመት ተፈርዶበት ሳለ፣ በ1920 በአትላንታ ወህኒ ሆኖ ተወዳደረ፤ ከ900,000 የሚበልጥ ድምፅም አገኘ። በ2024 ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ በኒው ዮርክ የንግድ መዝገብ በማሳሳት በ34 ክስ ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

የዚህ አሳብ ብርታቱ ግልጽ ነው፤ ገዢው ተቃዋሚውን በማስፈረድ ብቻ ከምርጫ ማስወጣት አይችልም። ድካሙ ግን የምርጫን ድምፅ የፍርድ ምትክ ማድረጉ ነው። ሕዝብ ማን እንዲመራው እንደሚወድ ይናገራል፤ መዝገብ ተሰርዞ ወይም ገንዘብ ተሰርቆ እንደ ሆነ ግን በድምፅ ብዛት አይወሰንም። ብዙ ሰው ስለ ወደደው የበደለው ሰው አልበደለም አይባልም፤ የተበደለውም ሰው ካሣውን አላገኘም።

የብራዚልም ነገር ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈርመው ባቀረቡት ልመና መነሻነት በ2010 ሕግ ወጣ፤ ብዙ ዳኞች በተሰየሙበት ችሎት የተፈረደበት ሰው 8 ዓመት እንዳይመረጥ ይከለክላል። ሕጉን በፊርማቸው ያጸደቁት ፕሬዚዳንት ሉላ ነበሩ፤ በ2018 ያው ሕግ እርሳቸውን ከምርጫ አስወጣቸው። በ2021 ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ነገሩ ለመጀመሪያው ፍርድ ቤት የሚገባ አልነበረም ብሎ ፍርዱን ሻረ፤ በ2022 ተመረጡ። ፍርድ ሊሻር ይችላል፤ ያለፈ ምርጫ ግን አይመለስም። ስለዚህ የይግባኝ መንገድ ሳይፈጸም በሩን የሚዘጋ ሕግ ሊጠገን የማይችል ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ይህ ነው። ክልከላ ሊኖር ይገባል፤ ነገር ግን ልክ ይኑረው። ከገዢው ፈቃድ ነጻ የሆነ ዳኛ የፈረደውና ይግባኙ ያለቀ ፍርድ ይሁን። ይልቁንም ጉቦን፣ የሕዝብ ገንዘብ መስረቅንና ምርጫ ማጭበርበርን በመሳሰለው አደራን በሚያፈርስ ወንጀል ላይ ይጽና። ሕጉ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳይታወቅ አስቀድሞ ይጻፍ። ዘመኑም የተቈረጠ ይሁን፤ ቅጣቱን የፈጸመን ሰው እስኪሞት ድረስ ማገድ ዳኛው ያልፈረደውን ሁለተኛ ፍርድ መጨመር ነውና።

ደግሞም ይቅርታና አደራ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። በጎቹን የሸጠበትን እረኛ ይቅር ያለ ባለቤት በማግሥቱ መንጋውን መልሶ ይሰጠው ዘንድ ግድ የለበትም፤ ቂም ይዟል ተብሎም አይነቀፍም። እንዲሁም ቅጣቱን የፈጸመ ሰው መብቱ መለመን እንጂ ማግኘት አይደለም። ያጠፋውን ሳይሸሽግ ቢናገር፣ የወሰደውን ቢመልስ፣ በትንሹም ሥራ ታምኖ ቢታይ፣ ሕዝቡ ሊሰማው ይገባል። የሌባ ዓይነ ደረቅ ሆኖ በደሉን እንደ ጀብዱ ቢያወራ ግን፣ ሕግ ባይከለክለውም መራጩ ይከልክለው። ሕግ የሚያግደው ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን መርምሮ መለየት በእያንዳንዱ መራጭ ኅሊና ላይ የተጣለ ሥራ ነው፤ ይህንም ሥራ ሌላ ሰው አይሠራለትም።